ደም ያየ ሁሉ ኪንታሮት የለበትም፦ ስለ ሆድ ዕቃ ካንሰር ምልክቶች ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ሆድ ዕቃ ካንሰር የመጀመሪያ ምልክቶች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ሰንብቷል። አማርኛው ያማረ ነው፤ በክፉ ልብ የተጻፈም አይመስለንም። ሰባት ነገር ይላል። ካንሰር ያማል፣ ያላመመ ነገር አያሳስብም። ጨጓራ በኦሜፕራዞል ከታገሠ ካንሰር አይደለም። ቀይ ደም ኪንታሮት ነው። ለመዋጥ መቸገር የበርበሬ ጣጣ ነው። በጾምም በሐሳብም ስለሚከሳ ክብደት መቀነስ ምልክት አይሆንም። ዓይን ቢጫ ከሆነ የወፍ በሽታ ነው። የሚጠራጠር ሰው ደግሞ በዓመት አንዴ «የካንሰር የደም ምርመራ» ቢያደርግ ይበቃዋል።

ከሰባቱ ስድስቱን አንቀበልም፤ አንዱን በግማሽ እንቀበላለን። የጨጓራና አንጀት በሽተኞችን የምናክም ሰዎች እንደመሆናችን የምንከራከረው ስለ ምልክቶቹ ዝርዝር አይደለም፤ ዝርዝሩን ማንም ያውቀዋል። ክርክራችን ጊዜው የት እንደሚጠፋ ነው። አብዛኛው ጊዜ የሚጠፋው ሰው ምልክቱን ሳያይ ቀርቶ አይደለም። አይቶት፣ ስም ተሰጥቶት፣ ውስጡ ሳይታይ ለዚያ ስም መድኃኒት ሲወስድ ነው። ጨጓራ፣ አሜባ፣ ኪንታሮት፣ የወፍ በሽታ። ጽሑፉ ከእነዚህ አራት ስሞች ሦስቱን መልሶ ያድላል።

ከሕመሙ እንጀምር። የአንጀት የውስጥ ሽፋን መቆረጥ አይሰማውም። በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም በፊንጢጣ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ፖሊፕ የሚባለው ትንሽ እብጠት በሽቦ ቀለበት ተቆርጦ ሲወጣ፣ ታካሚው ነቅቶ ቢሆን እንኳ መቆረጡን አያውቀውም። አንጀት የሚያመው ሲለጠጥ፣ ሲጨመደድ ወይም ደም ሲያጥረው ነው። ስለዚህ የትልቁ አንጀት ካንሰር «አመመኝ» የሚያሰኘው መተላለፊያውን መዝጋት ሲጀምር ወይም ግድግዳውን አልፎ ሲወጣ ነው። ፖሊፕ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት ያህል ይፈጃል፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሕመም የለም። የቆሽት ካንሰርም ወደ ጀርባ የሚወጋ፣ ሲተኙ የሚብስ፣ ጎንበስ ሲሉ ቀለል የሚል ሕመም ካመጣ ከኋላው ያሉትን ነርቮች ነክቷል ማለት ነው። ሕመምን የሚጠብቅ ሰው መጀመሪያውን ሳይሆን መጨረሻውን ነው የሚጠብቀው።

በሕመም ፈንታ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። ስንት ጊዜ ቆየ? በመድኃኒት ሄዶ ተመለሰ ወይ? ከምን ጋር መጣ? አዲስ የሆነ፣ 3 ሳምንት ያለፈው፣ ታክሞ የተመለሰ ነገር ስሙ ምንም ይሁን ምን ይታይ።

ሁለተኛው የጽሑፉ ነጥብ ይበልጥ ያሳስበናል፤ ምክንያቱም እውነት ይመስላል። ኦሜፕራዞል በከተማችን ያለ ማዘዣ ይገዛል፤ «ጨጓራ አለብኝ» ማለትም «ጉንፋን ይዞኛል» የማለት ያህል ቀሏል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ መድኃኒቱ የሚቀንሰው አሲዱን ነው። በካንሰር ላይ ያለ ቁስልም አሲዱ ሲቀንስለት ማቃጠሉን ይተዋል፤ አልፎ ተርፎ ላዩ በከፊል ይሸፈንና በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባው ካሜራ፣ የሚያየውን ሐኪም ሳይቀር ያታልላል። ስለዚህ «ተሻለኝ» የሚለው ቃል መድኃኒቱ እንደሠራ እንጂ ሕመሙ ምን እንደሆነ አይናገርም።

መድኃኒት ሳይሞከር በቀጥታ ኢንዶስኮፒ የሚያስፈልገው ማን ነው? ለመዋጥ የሚቸገር፣ ሳያስብ የከሳ፣ የሚያስታውክ (በተለይ ትናንት የበላውን ዛሬ የሚያስታውክ፣ ያ የጨጓራ መውጫ መጥበቡን ያሳያል)፣ ደም ያስታወከ ወይም ጥቁር ሰገራ ያየ፣ በብረት እጥረት የደም ማነስ የተገኘበት፣ ሆዱ ላይ የሚዳሰስ እብጠት ያለው፣ ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ የጨጓራ ካንሰር የነበረበት። ጥቂት ጎርሶ ቶሎ የመጥገብ ስሜትም፣ ካልተወ፣ ከዚሁ ይቆጠራል። ዕድሜን በተመለከተ የውጭ አገር መመሪያዎች 55 ወይም 60 ይላሉ። እኛ ግን በ40ዎቹ ውስጥ ያለና የሆድ ችግር የማያውቅ ሰው በድንገት ቢጀምረው ያንን ቁጥር ቁጭ ብሎ እንዲጠብቅ አንመክርም።

ከእነዚህ ምንም የሌለበት ወጣት መጀመሪያ የጨጓራ ባክቴሪያውን፣ ኤች ፓይሎሪን፣ ይመርመር። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ይህን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መዝግቦታል፤ ነገሩ ቀላል አይደለም። ምርመራው ላይ ግን ሁለት ስሕተት ይደጋገማል። አንደኛው በደም መመርመር ነው። የደሙ ምርመራ የሚያየው ሰውነት ያመረተውን አንቲቦዲ ነው፤ እሱ ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ይቆያል። በዚህ የተነሳ ከባክቴሪያው የዳነ ሰው በየዓመቱ ተመርምሮ በየዓመቱ «አለብህ» ይባላል፤ በየዓመቱም አንቲባዮቲክ ይውጣል። የሚሻለው ባክቴሪያውን ራሱን የሚፈልገው የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ነው። ሁለተኛው ስሕተት ኦሜፕራዞል እየወሰዱ መመርመር ነው፤ ባክቴሪያው ስለሚደበቅ ውጤቱ በሐሰት «የለም» ይላል። ኦሜፕራዞል 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ 4 ሳምንት አስቀድሞ ይቁም። ሕክምናው 14 ቀን ነው፤ ሲያቃጥል እየወሰዱ ሲተው እያቆሙ አይሆንም። መጥፋቱን ለማረጋገጥ ካለቀ በኋላ ቢያንስ 4 ሳምንት ይጠበቅ።

ኢንዶስኮፒ ተነሥተው «ቁስል አለ» ከተባሉም ሁለት ነገር ሳይጠይቁ አይውጡ፦ ቁስሉ ጨጓራው ላይ ነው ወይስ ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ ዱኦዲነም ላይ? ናሙናስ ተወስዷል? የዱኦዲነም ቁስል ካንሰር የሚሆነው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። የጨጓራ ቁስል ግን ከጠርዙና ከመሐሉ ቢያንስ 6 ናሙና ሊወሰድለት፣ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ከታከመም በኋላ መዳኑ በድጋሚ በኢንዶስኮፒ ሊታይ ይገባል።

አሁን ወደ ደሙ። ጽሑፉ ቀይና ትኩስ ደም ኪንታሮት ነው፣ ካንሰር ጥቁር ደም ነው የሚያመጣው ይላል። የደም ቀለም የሚናገረው የሚደማው ቦታ ሩቅ ይሁን ቅርብ እንጂ ምን እንደሚደማ አይደለም። ከጨጓራ የወረደ ደም መንገድ ላይ ስለሚለወጥ ሬንጅ የመሰለ፣ የሚያጣብቅ፣ ሽታው የተለየ ጥቁር ሰገራ ይሆናል። ከአንጀት መጨረሻ የመጣ ደም ከኪንታሮት ቢሆንም ከዕጢ ቢሆንም ያው ቀይ ነው። ይባስ ብሎ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ይገኛሉ፤ ኪንታሮት እጅግ የተለመደ ነገር ስለሆነ ኪንታሮት መገኘቱ ሌላው አለመኖሩን አያስረዳም። (በነገራችን ላይ የብረት እንክብልም ሰገራን ያጠቁራል፤ ነገር ግን አያጣብቅም፣ ያን ሽታም የለውም። ቀይ ሥር የበላ ሰውም በማግስቱ ሊደነግጥ ይችላል።)

ከዚህ በላይ ያለውን የሚለየው መጀመሪያ ጓንት የለበሰ ጣት ነው። የአንጀት መጨረሻ ክፍል ርዝመቱ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የሐኪም ጣት ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ያህሉን ይደርስበታል። እዚያ አካባቢ ያለ ዕጢ ብዙውን ጊዜ ሻካራና ጠንካራ ሆኖ ይዳሰሳል፤ የውስጥ ኪንታሮት ግን ልስልስ ስለሆነ በጣት አይለይም። ምርመራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ መሣሪያም አይጠይቅም፣ በማንኛውም ጤና ጣቢያ ይሠራል። የሚቀረው በሁለቱም ወገን ኃፍረት ነው። በሽተኛው አያነሣውም፤ ተራው የረዘመበት ባለሙያም በቃል ሰምቶ የኪንታሮት ቅባት ይጽፋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚባለው ለበሽተኛው ነው፤ ያልፈለገ ሐኪምም ግን አያገኝም። ደም አይተው ከሄዱና በጣት ሳይታዩ ኪንታሮት ከተባሉ «ይዩልኝ» ማለት ነውር የለውም።

ከመርካቶ እስከ ፒያሳ በየምሰሶው ላይ ተለጥፎ የሚታየው «ኪንታሮትን ያለ ኦፕሬሽን» የሚል ማስታወቂያም እዚህ ላይ ይነሣል። የሚያቃጥል ነገር የተቀባበት ፊንጢጣ ጠባሳ ሠርቶ ሊጠብ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ለምርመራ ጣት ማስገባት ራሱ ጭንቅ ይሆናል። ከሁሉም የሚከፋው ግን የሚያልፉት ወራት ናቸው።

ጽሑፉ ያላነሣው፣ እኛ ግን ከኪንታሮት እኩል የምንፈራው ስም አሜባ ነው። ደምና ንፍጥ፣ ቁርጠት፣ ማማጥ፣ ወጥቶ «አልጨረስኩም» የሚል ስሜት፦ አሜባም እንዲህ ያደርጋል፣ የአንጀት መጨረሻ ካንሰርም እንዲሁ። በማይክሮስኮፕ የሚደረገው ተራ የሰገራ ምርመራ በሽታ የሚያመጣውን አሜባ ከማያመጣው መሳይ ዘመዱ ብዙ ጊዜ አይለየውም። ስለዚህ «አሜባ ተገኝቷል» የሚል ወረቀት ክርክሩን አይዘጋም። እውነተኛ አሜባ በሜትሮኒዳዞል ወይም በቲኒዳዞል በቀናት ውስጥ ይሻላል። ሁለት ጊዜ በሥርዓቱ ታክሞ የተመለሰበት ሰው ሦስተኛ ዙር ኪኒን ሳይሆን የጣትና የኮሎኖስኮፒ ምርመራ ነው የሚያስፈልገው። አብረው የሚታዩትንም ያስተውሉ፦ ሰገራው ከወትሮው መቅጠኑን፣ ድርቀትና ተቅማጥ መፈራረቃቸውን።

ይህ ሁሉ የግራው አንጀት ነገር ነው። የቀኙ ሌላ ነው። በቀኝ በኩል ትልቁ አንጀት ሰፊ ነው፣ የሚያልፍበትም ገና ፈሳሽ ነው፤ ዕጢ ቢበቅልም ቶሎ አይዘጋም። የሚደማውም ጥቂት በጥቂት ስለሆነ ዓይን አያየውም። ምልክቱ ድካም፣ ደረጃ ሲወጡ ማለክለክና የደም ማነስ ብቻ ይሆናል። ከላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ሄሞግሎቢንን ብቻ ሳይሆን ኤምሲቪ የሚለውንም ይዩ፤ ከ80 በታች ከሆነ የእያንዳንዱ ቀይ የደም ሕዋስ መጠን አንሷል፣ የብረት እጥረት ይጠረጠራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በከፍታ ለሚኖር ሰው የደም ማነስ መለኪያው ከፍ እንዲል ይመክራል። ስለዚህ የአንድ ጎልማሳ ወንድ ሄሞግሎቢን 13 ሲሆን ወረቀቱ «ደኅና» ቢልም ደኅና ላይሆን ይችላል፤ በተለይ አምና 16 ከነበረ። ወንድ የወር አበባ የለውም። በብረት እጥረት ደሙ ያነሰ ወንድ፣ ወይም የወር አበባዋ የቆመ ሴት፣ ብረት ተጽፎላቸው ብቻ መሸኘት የለባቸውም፤ ደሙ በየት እንደወጣ ከላይም ከታችም ይፈለግ።

በሰገራ ውስጥ የተደበቀ ደም የሚፈልግ ምርመራ አለ፤ ዓይነቱ ግን ሁለት ነው። የቆየው ጓያክ የተባለው የእንስሳ ደምንም ስለሚያነብ ትናንት ክትፎ ወይም ቁርጥ የበላ ሰው በሐሰት «ደም አለ» ይባላል፤ ቫይታሚን ሲ በብዛት የወሰደ ደግሞ ደም እያለ «የለም» ሊባል ይችላል። ከምርመራው 3 ቀን በፊት ቀይ ሥጋና ቫይታሚን ሲ ይቅሩ። ፊት (FIT) የሚባለው አዲሱ ምርመራ የሰውን ሄሞግሎቢን ብቻ ስለሚለይ የምግብ ክልከላ የለውም። የትኛው እንደሚሠራልዎ ላቦራቶሪውን ይጠይቁ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ይህ ምንም ምልክት ለሌለው ሰው ነው። ደም በዓይኑ ያየ ሰው የተደበቀ ደም ምን ያስፈልገዋል?

«ገና ወጣት ነኝ» ለሚሉ ደግሞ፣ አሜሪካ ምልክት የሌለበት ሰው የአንጀት ምርመራ የሚጀምርበትን ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ50 ወደ 45 አውርዳለች፤ በወጣቶች ላይ እየበዛ ስለመጣ። ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ የታመመበት ሰው በ40 ዓመቱ፣ ወይም ዘመዱ ከታወቀበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ ይጀምራል፤ ከሁለቱ በሚቀድመው።

ስለ መዋጥ ባጭሩ። በርበሬ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ያመጣል የሚል ማስረጃ የለም። በጣም የጋለ መጠጥ ግን፣ ከ65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ተቆጥሯል። ቡናው አይደለም፣ ትኩሳቱ ነው፤ ከጀበና የተቀዳውን ጥቂት ማብረድ ምንም አያስከፍልም። በአገራችን አርሲና ባሌ ይህ ካንሰር በብዛት ከሚታይባቸው አካባቢዎች ናቸው። ምልክቱ ደረጃ አለው፦ መጀመሪያ ጥብስ፣ ከዚያ ደረቅ ዳቦና እንጀራ፣ ከዚያ ገንፎ፣ በመጨረሻ ውኃ። ቧንቧው ስለሚለጠጥ ሥጋ መያዝ የሚጀምረው ውስጡ ወደ 13 ሚሊ ሜትር ሲጠብ ነው፤ ያም ቢሆን የቆየ ነገር ነው። ሰውዬው ራሱ ብዙ ጊዜ አያስተውለውም። በየጉርሻው ውኃ ይጠጣል፣ ሥጋውን ለሌላው ያጎርሳል፣ ከገበታ መጨረሻ ይነሣል። ይህን የሚያየው አብሮ የሚበላው ነው።

ክብደት ላይ ጸሐፊው ጾምን አንሥተዋል፤ እኛም እናነሣዋለን፣ ለተቃራኒው ግን። በሁዳዴ 55 ቀን የቀነሰ ሰው ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል። ጰራቅሊጦስ አልፎም ቀበቶው ወደ ቀድሞ ቀዳዳው ካልተመለሰ ጾሙ አይደለም። መለኪያው ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ ሳያስቡ ከክብደት 5 በመቶ ማጣት ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን 3 ኪሎ፣ 80 ለሚመዝን 4። ከ50 ዓመት በኋላ ስኳር አዲስ ተገኝቶበት አብሮ የሚከሳ ሰውም ስኳሩን እየታከመ ቆሽቱ በሲቲ ስካን ይታይለት።

በግማሽ የምንቀበለው የወፍ በሽታውን ነው። በወጣቶች ላይ ትኩሳትና ማቅለሽለሽ ቀድሞት የሚመጣ ቢጫነት ብዙውን ጊዜ የጉበት ቫይረስ ነው። ነገር ግን ሳያም፣ ሳያተኩስ፣ ከዓይን ቢጫነት ጋር ሽንት እንደ ደማቅ ሻይ ከጠቆረ፣ ሰገራ ከነጣ፣ ገላ ካሳከከ፣ የሐሞት መውረጃው መዘጋቱ ይጠረጠራል። ጠጠር ወይም የቆሽት ራስ ዕጢ ሊሆን ይችላል። በዚያው ሳምንት አልትራሳውንድ ይነሡ፤ ቅጠል እየጠጡ የሚቆጠሩት ሳምንታት ኦፕሬሽን ሊደረግ የሚችለውን የማይቻል ያደርጉታል። ጸሐፊው ሄፓታይተስ ቢ እንዲመረመሩ መምከራቸው ግን ትክክል ነው። ክትባቱ በሕፃናት ፕሮግራም ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ የዛሬው ጎልማሳ አብዛኛው በልጅነቱ አላገኘውም። ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ጉበቱ ሳይጠጥር እንኳ ካንሰር ሊይዘው ይችላል፤ አልትራሳውንድ በየ6 ወሩ ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ።

የደም ምርመራው የመጨረሻው ነው። ሲኢኤ፣ ሲኤ 19-9 እና ኤኤፍፒ ይባላሉ። ሲኢኤ በአጫሾችና በጉበት በሽተኞች ያለ ካንሰር ይጨምራል፣ በጅምር ካንሰር ላይ ግን ብዙ ጊዜ ደኅና ነው። ሲኤ 19-9 የሐሞት መውረጃ በጠጠር ሲዘጋም ይወጣል፤ ጨርሶ የማያመርቱት ሰዎችም አሉ። ጥቅማቸው በታወቀ በሽታ ክትትል ላይ ነው። ንጹሕ የደም ውጤት ይዞ በሰገራው ያየውን ደም ችላ የሚል ሰው ባይመረመር ይሻለው ነበር። አልትራሳውንድም ጉበትንና ሐሞትን እንጂ የአንጀትን ውስጥ አያሳይም።

የሚያሳየው ኮሎኖስኮፒ ነው፤ እሱም አንጀቱ ከጸዳ ብቻ። ከ3 ቀን በፊት የጤፍ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ ጎመን፣ ተልባና ሰሊጥ ይቁሙ፤ ነጭ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦ፣ ማካሮኒ፣ የተላጠ ድንች፣ እንቁላልና ዓሣ ይበሉ። በዋዜማው ወተት የሌለው ሻይና የተጠለለ ሾርባ ብቻ፤ ቀይ ለስላሳ ደም ስለሚመስል ይቅር። የብረት እንክብል ከ5 እስከ 7 ቀን አስቀድሞ ይቆማል። ደም የሚያቀጥንና የስኳር መድኃኒት ግን ሐኪም ሳይጠይቁ አይነኩ። የሚጠጣው ማጠቢያ እንደታዘዘው 2 ወይም 4 ሊትር ነው፤ ግማሹ ማታ፣ ግማሹ ከቀጠሮው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሲቀረው ተጀምሮ 2 ሰዓት ሲቀረው ያልቃል። ሁሉንም ማታ ጠጥቶ ለከሰዓት ቀጠሮ የሚመጣ ሰው የቀኝ አንጀቱ እንደገና በሐሞትና በንፍጥ ይሸፈናል፤ ጠፍጣፋ ፖሊፕ የሚያመልጠው እዚያ ነው። የሚወጣው እንደ ሽንት ጠርቶ ቢጫ ካልሆነ አልጸዳም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ በርሜሉ ሳይሞላ አይጀመር።

ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ወደሚታይበት ላቦራቶሪ፣ ወደ ፓቶሎጂ፣ ራስዎ እንዲያደርሱት ከተሰጠዎት ጠርሙሱን ይመልከቱ። ውስጡ 10 በመቶ ፎርማሊን ይሁን፣ መጠኑም የሥጋውን ቢያንስ 10 እጥፍ፤ በግሉኮስ ወይም በውኃ የገባ ናሙና ይበላሻል። ስም፣ የካርድ ቁጥርና የተወሰደበት ቦታ በክዳኑ ላይ ሳይሆን በጠርሙሱ ገላ ላይ ይጻፍ፤ ክዳን ይቀያየራል። ውጤቱ ሲደርስ ወረቀቱን ብቻ ተቀብለው አይሂዱ። በሰም የተቀበረው ናሙና፣ ብሎክ የሚሉት፣ በላቦራቶሪው ይቀመጣል፤ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ሌላ የካንሰር ሕክምና ማዕከል ሪፈር ከተጻፈልዎ ለድጋሚ ንባብ ሊጠየቁ ስለሚችሉ ቁጥሩን ጽፈው ይያዙ።